ማንም ብቻውን የማይከፍተው ካዝና

የኢንተርኔት ስሞች ዋና ቁልፍ የሚቀመጠው አሜሪካ ውስጥ በሁለት ቦታ ነው፤ በቨርጂኒያዋ ከልፔፐርና በካሊፎርኒያዋ ኤል ሴጉንዶ። ብረት አይደለም፤ ረጅም የምስጢር ቁጥር ነው። የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ኮምፒውተራችን የዚያን ስም አድራሻ ሌሎች ኮምፒውተሮችን ይጠይቃል። መልሱን መንገድ ላይ አጭበርባሪ ለውጦት ቢሆንስ? ይህን ለመከላከል ስሞች ከላይ እስከ ታች በዲጂታል ፊርማ ይያያዛሉ፤ የሰንሰለቱ የላይኛው ፊርማ የሚፈረመው በዚህ ቁጥር ነው። ጠባቂው አይካን የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀመረ።

ቁጥሩን ያየ ሰው የለም። ተፈጥሮ የሚኖረው ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ነው፤ መሣሪያውን ሊፈታው ወይም ሊሰብረው የሞከረ ሰው ቢኖር የያዘውን ቁልፍ ራሱ ያጠፋዋል።

በዓመት አራት ጊዜ መሣሪያው ከካዝናው ወጥቶ ለሚቀጥሉት ወራት የሚያገለግሉትን የዕለት ሥራ ቁልፎች ይፈርማል። ቬሪሳይን የተባለው ኩባንያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈርመው በእነዚህ ነው። መሣሪያውን ለማስነሳት ስማርት ካርዶች ያስፈልጋሉ፤ ካርዶቹ በሌላ ካዝና ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሳጥን ተቆልፈዋል። የሳጥኖቹን መክፈቻ የያዙት በየቦታው ሰባት፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የአይካን ሠራተኞች አይደሉም። ቢያንስ ሦስቱ ካልተገኙ ምንም አይንቀሳቀስም። የሙዳየ ምጽዋት መክፈቻ ለአንድ ሰው እንደማይሰጥ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

የሳጥን መክፈቻ የያዙት ደግሞ ካዝናውን መክፈት አይችሉም፤ የካዝናውን ቁጥር የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። እነዚያም ቢሆኑ ያለ አጃቢ ወደ ክፍሉ አይገቡም። ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክም ባትሪም የለውም፤ ከኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። የሚፈረመው ፋይል በፍላሽ ይገባል፤ ከመፈረሙ በፊት የፋይሉ መለያ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የተገኘው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ጋር ያመሳክራል። እያንዳንዱ እርምጃ አስቀድሞ በታተመ ዝርዝር ላይ አለ፤ ሲፈጸም ሰዓቱ ይጻፋል፤ እማኙ ይፈርምበታል። ሥራው ሲያበቃ ዕቃው ቁጥር ባለው፣ ቢከፈት በሚያስታውቅ ከረጢት ታሽጎ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ በቀጥታ ቪዲዮ ይተላለፋል። እውነቱን ለመናገር፣ ለማየት በጣም አሰልቺ ነው፤ ሰዎች ለሰዓታት የከረጢት ቁጥር ሲያነቡ ይታያሉ። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ጥበቃ ያለው እዚሁ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ምስጢር ጠበቅሁ የሚለው አሠራሩንም ጭምር በመደበቅ ነው፤ ያኔ ጥፋት ቢፈጸም የሚያየው የለም። እዚህ የተደበቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የክፍሉ አሠራር፣ የሥራው ቅደም ተከተል፣ የተፈረመው ወረቀት ለማንም ክፍት ነው። ብልሽትም ቢሆን አይሸሸግም፦ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ኤል ሴጉንዶ ላይ የአንዱ ካዝና መቆለፊያ አልከፈት ብሎ የፊርማው ሥነ ሥርዓት ለቀናት ተራዘመ፤ በመጨረሻ ባለሙያ ተጠርቶ ካዝናው በመሰርሰሪያ ተከፈተ።

ከሁለት ወር በኋላ የባሰ መጣ። ኮሮና በረራ አቋረጠ፤ የሳጥን መክፈቻ የያዙት ሰዎች መጓዝ አልቻሉም። አይካን ሕጉን ከመሻር ይልቅ ሥነ ሥርዓቱን ማጥበብን መረጠ። ሰዎቹ መክፈቻቸውን አሽገው ላኩ፤ ጥቂት ሠራተኞች ክፍሉ ውስጥ ሥራውን ሲፈጽሙ እነሱ በርቀት ተከታተሉ። ሰዎች ደግመው እንዳይሰበሰቡም የሦስት ወር ሳይሆን የዘጠኝ ወር ፊርማ በአንድ ቀን ተፈረመ።