የስኳር ህመም ኩላሊትን እንዴት ይጎዳል?

በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖሩና የስኳር ህመም ያለብዎት ከሆነ፣ በጤና ጣቢያም ሆነ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለክትትል ሲሄዱ ስኳርዎን ይለካሉ። የኩላሊትዎስ ሁኔታ? የስኳር ህመም ካለባቸው 100 ሰዎች ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት የኩላሊት ጉዳት ይደርስባቸዋል።

ጉዳቱ እንዴት ይጀምራል?

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን የደም ማጣሪያዎች አሉ። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእነዚህን ማጣሪያዎች ቀጫጭን የደም ስሮች ይጎዳል። ጤናማ ማጣሪያ አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን በደም ውስጥ ያስቀራል፤ የተጎዳው ግን ወደ ሽንት ያሳልፈዋል። የደም ግፊት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይፈጥናል።

ምልክቶቹ

መጀመሪያ ላይ ምንም ህመም የለውም። የእግርና የፊት እብጠት፣ አረፋ የሚበዛበት ሽንት፣ ድካምና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ዘግይተው ነው።

አንድ አታላይ ምልክትም አለ። የደከመ ኩላሊት ኢንሱሊንን ከሰውነት ቶሎ ማስወገድ ስለማይችል፣ መድኃኒቱ ሳይቀየር ስኳር መውረድ ሊጀምር ይችላል። ይህን አይተው «ስኳሬ ተሻለኝ» ብለው አይዘናጉ። ስኳርዎ ያለ ምክንያት ደጋግሞ ከወረደ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የትኛውን ምርመራ ይጠይቁ?

በዓመት አንድ ጊዜ የሽንት አልቡሚንና የደም ክሬቲኒን ይመርመሩ። ዓይነት 2 የስኳር ህመም ያለበት ሰው ህመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ ይጀምራል። ተራው የሽንት ምርመራ አነስተኛውን የአልቡሚን መጠን ላያሳይ ስለሚችል ለይተው ይጠይቁ።

ኩላሊትዎን ለመጠበቅ

• ስኳርዎንና የደም ግፊትዎን ይቆጣጠሩ። ለብዙዎች የሚመከረው ግፊት ከ130/80 በታች ነው።
• ሐኪም እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት ካዘዘልዎ በራስዎ አያቋርጡ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ግን አስቀድመው ያሳውቁ።
• ለወገብና ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ደጋግመው አይውሰዱ።
• በወጥና በሽሮ ላይ ጨው ይቀንሱ፤ ሲጋራ ያቁሙ።
• ይዘታቸው የማይታወቅ የባህል መድኃኒቶችን አይጠቀሙ።
• ከመጾምዎ በፊት ስለ መድኃኒትዎ ሰዓትና መጠን ሐኪምዎን ያማክሩ።

ከዘገየስ?

ኩላሊት ሥራውን ካቆመ ያለው አማራጭ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በፋብሪካ ወይም በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው ይህ ገቢን የሚያናጋ ነው። ንቅለ ተከላ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢጀመርም፣ ተስማሚ ለጋሽና ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ይፈልጋል።

ቀደም ብሎ የተደረሰበት ጉዳት ግን በመድኃኒትና በጥንቃቄ ሊገታ ወይም ለብዙ ዓመታት ሊዘገይ ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የሽንት አልቡሚንዎና ክሬቲኒንዎ መቼ እንደተመረመሩ ይጠይቁ፤ ዓመት ካለፈው እንዲታዘዝልዎ ያድርጉ።