በጸጥታው በረዶ ሥር የተደበቀው አደጋ

በአገራችን «በረዶ» ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ከዝናብ ጋር እየወረደ የቤት ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጣር በረዶ ነው። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ላይ በብርድ ወራት የሚጥለው በረዶ ግን እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ነው። ሆኖም ይህ ለስላሳ ነገር በናዳ መልክ እየወረደ በእነዚሁ ተራሮች በየዓመቱ በአማካይ 100 የሚያህሉ ሰዎችን ይገድላል። ለመሆኑ የበረዶ ናዳ እንዴት ይፈጠራል?

ድርብርቡ ክምር

የተራራ በረዶ በአንድ ጊዜ የሚከመር አይደለም። እያንዳንዱ ውሽንፍር አዲስ ንጣፍ ይጨምራል፤ ነፋስ ያጠነክረዋል፣ ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ የሌሊት ቅዝቃዜ መልሶ ያረጋዋል። ክምሩን እስከ መሬት ቆፍረን ጎኑን ብንመለከት ጠንካራና ደካማ ንጣፎች ተደራርበው እናገኛለን።

ከደካማዎቹ ዋነኛው የሚፈጠረው በሙቀት ልዩነት ነው። በበረዶ የተሸፈነው መሬት በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆይ የክምሩ ገጽ በጠራ ሌሊት እጅግ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ በአንድ ሜትር ከ10 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ የውሃ ተን ከታች ወደ ላይ እየወጣ የበረዶውን ቅንጣቶች ይለውጣቸዋል። ቅንጣቶቹ ማዕዘናም ይሆናሉ፤ እርስ በርስ መያያዛቸውም ላልቶ እንደ ስኳር ይበተናሉ።

ይህን በቀላል ስሌት እንየው። የገጹ ሙቀት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢሆን፣ 2 ሜትር ውፍረት ባለው ክምር ልዩነቱ በሜትር 5 ዲግሪ ብቻ ነው፤ 50 ሴንቲሜትር በሆነው ግን 20 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ስስ በረዶ ከወፍራሙ ይልቅ ደካማ ንጣፍ ለመፍጠር የተመቸ ነው።

ናዳው እንዴት ይነሣል?

በተዘነበለ ጠረጴዛ ላይ ስኳር በትነን መጽሐፍ ብናስቀምጥበት መጽሐፉ በቀላሉ ይንሸራተታል። በተራራውም በደካማው ንጣፍ ላይ ጠንከር ያለ በረዶ ሲያርፍ ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። አንድ የበረዶ ሸርታቴ ተጫዋች ሲያልፍበት የሥረኛው ንጣፍ ይሰበራል፤ ስብራቱም በቅጽበት ወደ ዙሪያው ይዛመትና የላይኛው ንጣፍ በሙሉ ተገንጥሎ ይወርዳል። ይህ በአብዛኛው የሚከሰተው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብሉ ተዳፋቶች ላይ ነው። ለመዝናናት ወደ ተራራ ወጥተው ከሚሞቱት መካከል ከአሥሩ ዘጠኝ በሚያህሉት ላይ ናዳውን የሚያስነሡት ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው ናቸው።

የሳይንስ ድርሻ

በስዊዘርላንድ ከዳቮስ ከተማ በላይ የበረዶ ምርምር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር። የአውሮፓ አገሮችም በ1993 ባለ 5 ደረጃ የጋራ የአደጋ መለኪያ ተቀበሉ። የመለኪያው 3ኛ ደረጃ ለብዙዎች «መካከለኛ» ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አደጋው ከደረጃ ወደ ደረጃ እጥፍ ድርብ እየሆነ ስለሚያድግ በስዊዘርላንድ ከሚደርሰው ሞት ግማሽ ያህሉ በዚሁ ደረጃ የሚመዘገብ ነው።

በበረዶ የተቀበረ ሰው በአብዛኛው የሚሞተው በመታፈን ነው። በ2024 ይፋ የሆነ የስዊዘርላንድ ጥናት እንደሚያመለክተው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የመትረፍ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን፣ በ30ኛው ደቂቃ ወደ 30 በመቶ ገደማ ያሽቆለቁላል። የነፍስ አድን ቡድን በዚህ ጊዜ ውስጥ እምብዛም አይደርስም፤ አዳኙ አብሮ የወጣው ጓደኛ ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ ተጓዥ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ መፈተሻ ዘንግና አካፋ ሊይዝ ይገባል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ለትምህርት ወደ እነዚህ አገሮች የሚሄዱ ይኖራሉ። ወደ ተራራ ከመውጣታቸው በፊት የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ እንዲያነቡ፣ ከእግራቸው ሥር ድፍን ያለ የመደርመስ ድምፅ ከሰሙ ወይም በረዶው ሲሰነጠቅ ካዩ ከተዳፋቱ ርቀው እንዲመለሱ አደራ እንላለን።