ከጉዳት በኋላ ወደ ከባድ ክብደት ማንሳት መመለስ፦ መቼ፣ በስንት ኪሎ እና እንዴት?

ካዛንቺስና ቂርቆስ አካባቢ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጠው ውለው አመሻሽ ላይ ጂም የሚገቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ስኳት፣ ቤንች ፕሬስና ዴድሊፍት የሚሠሩት፣ ማለትም ሦስቱን የፓወርሊፍቲንግ እንቅስቃሴዎች በከባድ ክብደት የሚሠሩት፣ ወገባቸውን፣ ትከሻቸውን ወይም ጉልበታቸውን ተጎድተው ለሳምንታት ወይም ለወራት ማቋረጣቸው የተለመደ ነው። ሕመሙ ሲጠፋ የሚነሳው ጥያቄ «አሁን ወደ ድሮው ኪሎ መመለስ እችላለሁ?» የሚል ነው።

አጭሩ መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን አይደለም። ሕመም ጠፋ ማለት የተጎዳው ቦታ ሙሉ በሙሉ ድኗል ማለት አይደለም። ብዙዎች ዳግም የሚጎዱት በዚህ መካከል ባለው ጊዜ ነው።

በእረፍት ጊዜ ሰውነትዎ ምን ይሆናል?

በመጀመሪያ የሚቀንሰው ትንፋሽ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መቀነሱ ሊታወቅዎት ይችላል። የጡንቻ ጉልበት ግን እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ብዙም አይቀንስም። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ደስ የሚለው ነገር፣ ጡንቻና ነርቭ የለመዱትን ስለማይረሱ የጠፋው ጉልበት መጀመሪያ ከተገነባበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል።

ችግሩ ያለው ጅማት ላይ ነው። ጅማት የሚደርሰው ደም ትንሽ ስለሆነ የሚጠነክረው በሳምንታት ሳይሆን በወራት ነው። ስለዚህ ጡንቻዎ ለድሮው ኪሎ ሲደርስ ጅማትዎ ገና ላይሆን ይችላል። ፍጥነትዎን መወሰን ያለብዎት በዘገየው ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ባይሳካም ተስፋ አይቁረጡ። ቀነኒሳ በቀለ በባት ጉዳት ምክንያት ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከውድድር ርቆ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን በብራሰልስ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሸነፈ። ሩጫና ክብደት ማንሳት የተለያዩ ቢሆኑም፣ አንድ መጥፎ ቀን የመጨረሻው ቀን እንዳልሆነ ያሳያል።

ከመጀመርዎ በፊት ራስዎን ይፈትሹ

• ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከወንበር ሲነሱ፣ ጫማ ሲያስሩ ሕመም የለም?
• የተጎዳው መገጣጠሚያ እንደ ሌላኛው ወገን ይታጠፋል፣ ይዘረጋል?
• ውሃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ያለ ሕመም ከመሬት ማንሳት ይችላሉ? ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ነው፤ ይህም ምንም ያልተጨመረበት የውድድር ባር ክብደት ነው።
• ይህን ሁሉ የሚያደርጉት የሕመም ማስታገሻ ሳይወስዱ ነው?

ለአንዱም ቢሆን መልስዎ «አይ» ከሆነ ጊዜው ገና ነው። ቀዶ ሕክምና፣ ስብራት ወይም ወደ እግር የሚወርድ የዲስክ ሕመም ከነበረብዎት ደግሞ የሚከታተልዎት ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳይፈቅድ አይጀምሩ።

በስንት ኪሎ ልጀምር?

ከወር በላይ ካቋረጡ ከጉዳቱ በፊት ይሠሩበት ከነበረው ክብደት በግማሹ ይጀምሩ። ለምሳሌ ስኳት በ100 ኪሎ ይሠሩ ከነበረ በ50 ኪሎ ይጀምሩ። መጀመሪያ በባዶ ባር ሰውነትዎን ያሟሙቁ። ከዚያ ከ8 እስከ 10 ጊዜ እያነሱ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይሥሩ። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ላይ ገና ሦስት ወይም አራት ጊዜ ማንሳት የሚያስችል ጉልበት ሊተርፍዎት ይገባል።

የሳምንቱ ሁለት ቀናት ያለ ችግር ካለፉ በሚቀጥለው ሳምንት 5 ኪሎ ይጨምሩ። በዚህ አካሄድ 100 ኪሎ የሚደርሱት ከ10 ሳምንት በኋላ ነው። ረጅም ይመስላል፤ ግን እንደገና ተጎድተው ከዜሮ ከመጀመር ያጥራል። ከፍተኛውን ኪሎ አንድ ጊዜ ብቻ አንስቶ መሞከርን ደግሞ የድሮው ክብደት ለተከታታይ ሳምንታት ከቀለለዎት በኋላ ያድርጉት።

ለትንፋሽዎ በሌሎቹ ቀናት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። እየቆየ ሲቀልዎት የመስቀል አደባባይ ደረጃዎችን መውጣት ይችላሉ። እየሄዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው መጨረስ ካቃተዎት ፍጥነት ይቀንሱ።

ሕመም ቢሰማኝስ?

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡት። 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ደግሞ የማይቻል ሕመም ነው።

• ከ0 እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ይቀጥሉ።
• 4 ወይም 5 ከሆነ፣ ወይም በማግስቱ ከብሶ ካደረ፣ ያለ ችግር ወደሠሩበት ወደ መጨረሻው ክብደት ይመለሱ።
• 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እንደ መውጋት ድንገት ከመጣ ወይም ቦታው ካበጠ ያቁሙና ይታዩ።

ኪሎውንና የጠዋቱን ነጥብ በትንሽ ደብተር ይጻፉ። ወደ ሐኪም ከሄዱም ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ ይጠቅመናል።

መጠንቀቅ ያለብዎት ነገሮች

ማስታገሻ። ጂም ከመግባትዎ በፊት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይዋጡ። ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጉዳቱን አያድንም። አዘውትሮ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን። ይህና መሰሎቹ የኢንፌክሽን መድኃኒቶች ጅማትን ሊያዳክሙ፣ አልፎ አልፎም ሊያስበጥሱ ይችላሉ። ጉዳቱ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊከሰት ይችላል። የታዘዘልዎትን በራስዎ አያቋርጡ፤ ከባድ ክብደት እንደሚያነሱ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ወጌሻ። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ትኩስ ጉዳትን በኃይል ማሸት ግን መድማቱን ያባብሳል፤ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም ዝውውርን ሊያግድ ይችላል። ቦታው ካበጠ ወይም መርገጥ ካልቻሉ አስቀድመው ራጅ ይነሱ።

ምግብ። ጉልበት ለሚገነባ ሰው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። በጾም ጊዜ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ያብዙ፤ ቀጠን ያለ ሽሮ ብቻውን አይበቃም። የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ፕሮቲን ከመጨመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

አዲስ ጂም። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ መልሶ ማልማት ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። ጂም ቀይረው ከሆነ አዲሱ አሰልጣኝ ጉዳትዎን አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

• በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አለመቻል፣ የእግር መስነፍ፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ
• «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ወዲያው እጅን ወይም እግርን ማንቀሳቀስ አለመቻል
• ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ መጥቆርና ጡንቻ በጣም ማበጥ፤ የፈረሰው ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል
• የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት
• ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ፤ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ስፖርት ያመጣው ነው ብለው አይለፉት

ለቤተሰብ

«በቃ ጂም ተው» ማለት ብዙም አይረዳም፤ ሙሉ በሙሉ መተኛት የወገብ ሕመምን ያራዝማል እንጂ አያሳጥርም። ይልቅ በማግስቱ ጠዋት «እንዴት አደርክ? እንዴት አደርሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የትናንቱ ክብደት ልክ መሆኑ ወይም መብዛቱ የሚታወቀው በዚያ መልስ ነው።