አደራውን በአፈር የከፈሉት ሐናጺ

ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ1965 ዛሬ ቡርኪና ፋሶ በምትባለው የምዕራብ አፍሪካ አገር፣ ጋንዶ በተባለች መንደር ተወለዱ። የመንደሩ ሹም የበኩር ልጅ ነበሩና፣ በመንደሩም ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ገና የሰባት ዓመት ብላቴና ሳሉ ከእናታቸው ተለይተው ፊደል ይቆጥሩ ዘንድ ወደ ቴንኮዶጎ ከተማ ተላኩ። በዚያም ከመቶ የሚበልጡ ሕፃናት ታጭቀው በሚማሩበት፣ ብርሃን ባነሰውና እንደ ምድጃ በሚግለው ክፍል ተቀምጠው፣ ክፉ ሕንጻ አእምሮን እንዴት እንደሚያደክም በሰውነታቸው ተማሩ።

ለዕረፍት መጥተው በሚመለሱበት ጊዜ ግን ቤት ለቤት እየዞሩ ሲሰናበቱ፣ እያንዳንዷ ሴት ከልብሷ እጥፋት የመጨረሻዋን ሳንቲም አውጥታ በእጃቸው ታኖር ነበር። ስለ ምን እንደሚሰጧቸው እናታቸውን ቢጠይቁ፣ ልጁ ተምሮ ተመልሶ አንድ ቀን መንደሩን ይረዳል በሚል ተስፋ መሆኑን ነገሯቸው። የእኚህን ሊቅ ሥራ የሚመረምር ሰው መክፈቻውን የሚያገኘው በዚያች ሳንቲም ይመስለኛል፤ አደራ ነበረችና።

እ.ኤ.አ. በ1985 የአናጢነት ሙያ ይማሩ ዘንድ በተሰጣቸው ዕድል ወደ ጀርመን ተሻግረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በማታ ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ፣ በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻን ጥበብ አጠኑ። ምሩቅ እስኪባሉም አልጠበቁም፤ በ1998 ማኅበር አቁመው፣ ገንዘብ ለምነው፣ የጋንዶን ትምህርት ቤት በ2001 አስፈጸሙ፤ የተመረቁት ከዚያ በኋላ በ2004 ነው።

በአፈር እንሠራለን ባሉ ጊዜ ግን የመንደሩ ሰው አዘነ። የጭቃ ግድግዳ በዝናብ ሲናድ እያየ ያደገ ሕዝብ፣ ከአውሮፓ ከተመለሰ ልጁ መስታወትና ሲሚንቶ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። አቶ ኬሬ ለዚህ ጥርጣሬ የሰጡት መልስ የሥራ መልስ ነበረ፤ ለመፈተኛ ቅስት አቁመው ከሠራተኞቻቸው ጋር በላዩ ወጥተው ዘለሉበት፤ ቅስቱም ጸና።

የትምህርት ቤቱ ብልሃት እንዲህ ነው። ከዚያው የተቆፈረው ሸክላ አፈር ጥቂት ሲሚንቶ ተደባልቆበት በመጭመቂያ ሲታመቅ ጽኑ ጡብ ይሆናል፤ ወፍራሙም ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ያዘገያል። ኮርኒሱ ቀዳዳ ያለው የጡብ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ደግሞ በተበየደ ቀጭን ፌሮ ተደግፎ ከኮርኒሱ ርቆ ከፍ ብሏል። ቆርቆሮ በቀትር የሚያወርደውን ግለት ከሥሩ የኖረበት ሁሉ ያውቀዋል፤ በጋንዶ ግን ይኸው ግለት አገልጋይ ሆነ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ሞቆ ሲወጣ፣ የክፍሉ ሙቅ አየር በቀዳዳው ይከተለዋል፤ በእርሱም ፈንታ ቀዝቀዝ ያለው በመስኮት ይገባል። እንዲህ ሆኖ ሕንጻው ያለ ኤሌክትሪክ ይተነፍሳል፤ ሰፊው የጣሪያ ክፈፍም ሰዎቹ የፈሩትን ዝናብ ከግድግዳው ያርቃል።

ሥራው የሁሉም ነበረ። የወለሉን አፈር ጎበዛዝቱና እናቶቻቸው ውሃ እያርከፈከፉ ለረጅም ሰዓት ደበደቡት፤ ከዚያም በድንጋይ እያሹ አለሰለሱት። የቤቱን አሠራር በእጁ የሚያውቅ ሕዝብ በተበላሸ ጊዜ የሚጠግነውን ከሩቅ አይጠራም፤ ጸንቶ የሚኖር ሕንጻ ማለትም ከሁሉ በፊት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት ቤቱ በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንጻ ሽልማትን አገኘ፤ አቶ ኬሬም በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበሉ፣ ለዚህ ክብር የበቁ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ።

ለጋንዶ ቤተ መጻሕፍት ባወጡት ንድፍ ደግሞ የመንደሩ ሴቶች በእጃቸው የሠሯቸውን የሸክላ ማሰሮዎች ሰብስበው፣ አፋቸውንና መቀመጫቸውን አስቆርጠው፣ በኮርኒሱ ኮንክሪት ውስጥ አስቀበሩ፤ በክብ ቀዳዳዎቹም ብርሃን ይወርዳል፤ ሙቀት ይወጣል። የጋንዶ ሴቶች ቀድሞ ለአንድ ልጅ ትምህርት ሳንቲም ሰጡ፤ ኋላም ማሰሯቸውን ሰጡ፤ ልጁም ሁለቱን ተቀብሎ ለልጆቻቸው ብርሃን አድርጎ መለሰ።