ክረምት ሳይገባ የመኪናው የፊት እግር ይታይ

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ፒክአፕ በሰኔ ጭቃ ውስጥ ሲቆም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዘገያል፤ ተባይ ታየ ተብሎ የተጠራው ባለሙያም መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ከሚዳርጉት ብልሽቶች አንዱ የሚጀምረው ከአንዲት የጎማ ሽፋን ነው።

በመቀሌ ሓድነት ክፍለ ከተማ ለሚሠራ መካኒክ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ትግራይ ከቀሪው የአገሪቱ ክፍል ተቆራርጣ በከረመችበት ጊዜ መለዋወጫ እንደልብ አይገኝም ነበር፤ ያለውን ማቆየት ግድ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ያ የቁጠባ ልማድ ባይረሳ ይበጃል።

ከፊት ዲፈረንሻል ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሻፍት ጫፉ ላይ ሲቪ ጆይንት አለው። መሪ ሲታጠፍም ሆነ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሻፍቱ ሳይንገጫገጭ እንዲዞር የሚያደርገው ይኸው መጋጠሚያ ነው። በጎማው በኩል ያለው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉት፤ ኳሶቹ በግራሶ ተሞልተው በተጣጠፈ የጎማ ሽፋን ይጠበቃሉ። ሽፋኑ በጠጠር ወይም በእሾህ ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፣ አቧራና ውኃ ይገባል፤ ከዚያ ብረቱ ራሱን በራሱ ይሞርዳል።

ለፍተሻው መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፎ የሽፋኑን እጥፋቶች አንድ በአንድ በእጅ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ስንጥቅ የሚደበቀው እዚያ ነው። በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ ግራሶ ካለ ሽፋኑ መቀደዱን ያመለክታል። መሪ ታጥፎ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማ ቀጭ ቀጭታ ደግሞ ጆይንቱ ራሱ መበላቱን ይናገራል። ብዙ ሾፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የፊት ጎማ ቁልፎች ክፍት ሆነው በኋላ እግር ብቻ ሲነዳ የፊት ሻፍት ጭነት ስለሌለበት ድምፅ አይሰጥም። ሙከራው ቁልፎቹ ተቆልፈው፣ በአራቱም እግር፣ በልል አፈር ላይ በዝግታ ይደረግ፤ አስፋልት ላይ ግን አይሞከርም። ባለ ሙሉ አክስል ላንድክሩዘር ላይ ጆይንቱ በብረት ቤት ውስጥ ስለተሸሸገ የጎማ ሽፋን አይፈለግበትም፤ በብረት ቤቱ ዙሪያ የሚያፈስ ቀጭን ግራሶ ካለ የዲፈረንሻሉ ዘይት በላላ ሲል አልፎ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ሽፋኑ ተቀዶ ድምፅ ገና ካልተሰማ ጆይንቱ ይፈታል፣ በናፍጣ ታጥቦ ይደርቃል። ኳሶቹና የሚሄዱባቸው ቦዮች ካልተቦረቦሩ ለሲቪ ጆይንት የተሠራው ጥቁር የሞሊብዴነም ግራሶ ተሞልቶ አዲስ ሽፋን በአዲስ ማሰሪያ ይታሰራል። ከተቦረቦሩ ግን ግራሶ አያድናቸውም፤ ይቀየራሉ። ሽፋንና ግራሶ የሚጠይቁት ገንዘብ ከሙሉ ሻፍት ዋጋ ጋር አይወዳደርምና ወረዳዎች ሁለት ሦስቱን በመጋዘን ቢያኖሩ፣ ግዥውን ለነሐሴ ባያቆዩት ጥሩ ነው።

መውቂያ በትራክተር የሚያሠሩ አርሶ አደሮችም የኃይል ማስተላለፊያውን ሻፍት ቢያዩ መልካም ነው። እሱ በአብዛኛው ተራ የመስቀል መጋጠሚያ ስለሆነ እንደ ሲቪ ጆይንት ብዙ መታጠፍ አይችልም። በሥራ ቀን በየዕለቱ ግራሶ ይሰጠው፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ግን ማንም እጁን አያስጠጋ።