በረዶ ጣሪያዎን ከመታው በኋላ፦ ከመፈረምዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

በዳላስና በዴንቨር አካባቢ ቤት ገዝተው የሚኖሩ ወገኖቻችን በረዶን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨርንና አካባቢዋን የመታው በረዶ ብቻውን ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። እንዲህ ያለ በረዶ ባባራ ማግስት በር የሚያንኳኩ ጣሪያ ሠሪዎች ይበዛሉ። «ጣሪያዎ ተጎድቷል፤ እዚህ ጋ ይፈርሙልን፤ ከኢንሹራንሱ ጋር እኛ እንጨርሳለን» ይላሉ። ከመካከላቸው ጨዋ ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን ፖሊሲው የእርስዎ ነው፤ ጉዳዩንም መያዝ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

መጀመሪያ ማስረጃ

ጣሪያ ላይ አይውጡ። የበረዶ ምት ከመሬት ሆነው ሲያዩት ላይታይ ስለሚችል ምልክቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። የአሸንዳው መውረጃ ሥር ጥቁር አሸዋ የመሰለ ብናኝ ከተጠራቀመ፣ ከሺንግሉ ላይ የተራገፈ ሊሆን ይችላል። አሸንዳው ወይም የኤሲው ስስ ብረት ከተሰረጎደም ጣሪያው ሳይመታ አልቀረም። ሁሉንም ፎቶ ያንሱ፤ በረዶው የጣለበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ለኢንሹራንስዎ ቶሎ ያሳውቁ።

ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ በሸራ ያስሸፍኑና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ለዚህ የወጣውንም ተገቢ ወጪ ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ ይተካል። ዋናውን ጥገና ግን የኢንሹራንስ ኩባንያው አጀስተር (ጉዳት ገማች) አይቶ ሳይገምት አያስጀምሩ። አጀስተሩ ሲመጣ የሚያምኑት ጣሪያ ሠሪ አብሮ ቢገኝ ይመረጣል።

ቼኩ ለምን አነሰ?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በቴክሳስ የንፋስና የበረዶ ዲዳክቲብል (ከጉዳቱ ወጪ እርስዎ የሚሸፍኑት ድርሻ) ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይሰላል፤ መቶኛው የሚወሰደውም ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባበት መጠን ነው እንጂ ከጣሪያው ዋጋ አይደለም። ቤቱ በ300,000 ዶላር ተሸፍኖ ዲዳክቲብሉ 2 በመቶ ቢሆን፣ 6,000 ዶላር ከኪስዎ ይወጣል ማለት ነው።

ጣሪያውን ለመቀየር 20,000 ዶላር ያስፈልጋል፣ በእርጅናው ምክንያት ደግሞ 5,000 ተቀንሷል እንበል። የመጀመሪያው ቼክ 9,000 ዶላር ይሆናል። ፖሊሲዎ ሙሉ የመተኪያ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ፣ የተቀነሰው 5,000 ሥራው አልቆ ደረሰኝ ሲቀርብ ይለቀቃል። ይህም የጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑን ይጠይቁ። ፖሊሲው የእርጅና ቅናሽ ተደርጎበት ብቻ የሚከፍል ከሆነ ግን ያ ገንዘብ አይመለስም። የቤት ብድር ካለብዎት ቼኩ ላይ የአበዳሪው ስም ሊጨመር ይችላል፤ ስለዚህ ለአበዳሪው አስቀድመው ይደውሉ።

«ዲዳክቲብሉን እኛ እንችልልዎታለን»

ይህን የሚልዎትን ሰው ያሰናብቱ። በቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ይህ ሕገወጥ ነው፤ የኢንሹራንስ ኩባንያውም ዲዳክቲብሉን መክፈልዎን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ኮሎራዶም ትከለክላለች። ጉድለቱ የሚሞላው ብዙ ጊዜ የሥራውን ዋጋ አስወድዶ በማቅረብ ነው፤ የማጭበርበሩ ጣጣም ለእርስዎ ይተርፋል። ደግሞም ቴክሳስ ለጣሪያ ሠሪዎች የሙያ ፈቃድ ስለማትሰጥ፣ ሠሪው ከዚህ ቀደም የሠራላቸውን ሰዎች ማነጋገር የእርስዎ ፋንታ ነው። ባዶ ቦታ ያለው ውል አይፈርሙ። በኮሎራዶ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ካለ፣ ይህ በተነገረዎ በ72 ሰዓት ውስጥ የጣሪያውን ውል ማፍረስ ይችላሉ።

ካልተስማሙ

የአጀስተሩን ግምት በዝርዝር ጠይቀው ከጣሪያ ሠሪው ግምት ጋር ያስተያዩት። የቀረ ነገር ካለ ፎቶ አያይዘው በጽሑፍ ድጋሚ ፍተሻ ይጠይቁ። በስልክ የተባለውንም በኢሜይል ያስከትሉ። የቴክሳስ ሕግ ኩባንያው ጥያቄዎን መቀበሉን በ15 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ፣ የጠየቀው ሰነድ ከተሟላለት በኋላም በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲወስን በመሠረቱ ያስገድዳል። ካልሆነም ለክፍለ ግዛቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም።

በረዶው እስኪመጣ ግን አይጠብቁ። ፖሊሲዎን ዛሬውኑ አውጥተው ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ የበረዶ ዲዳክቲብሉ በዶላር ሲሰላ ስንት እንደሆነ፣ ጣሪያው የሚተካውም በሙሉ ዋጋ ይሁን በእርጅና ቅናሽ። እንግሊዝኛው ከከበደዎ የሚያነብልዎት ሰው ይፈልጉ። በፖሊሲው የማይስማሙ ከሆነ ማስቀየር የሚቻለው አሁን፣ ጉዳት ሳይደርስ ነው።