ቀይ የደም ሴልና አረንጓዴው ኢንዛይም

ከቁስል የሚወጣ መግል ወደ አረንጓዴ የሚያደላበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ለጀርሙ ብቻ ይሰጣል፤ ነገር ግን የራሳችን ሰውነትም ድርሻ አለበት። ጀርሙን ሊዋጉ የሚዘምቱት ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ማይሎፐርኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም በብዛት ይዘው ይመጣሉ፤ አረንጓዴው እሱ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. አጥርቶ ያወጣው ስዊድናዊው ሼል አግነር ነው። ቀለሙን የሚያገኘው ቀይ ሴልን እንደሚያቀላው ሄሞግሎቢን ሁሉ ሄም ከሚባል ብረት ያለበት ክፍል ነው፤ ሄሙ ጥቂት ስለተለወጠ ብቻ አንዱ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ መሆኑ ይገርመኛል።

ኢንዛይሙ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በገበታ ጨው ውስጥ ከሚገኘው ክሎራይድ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራል። በረኪና ጀርም የሚገድለውም በዚሁ አሲድ ነው። ቁስሉ ውስጥ ሲሆን ደግ ነው። ችግር የሚመጣው ኢንፌክሽን በደም ሲሰራጭ ወይም ሌላ ብግነት ሲበረታ፣ ኢንዛይሙ ወደ ደም ሥር ሲፈስ ነው።

እዚያ በየአቅጣጫው የሚያጋጥሙት ቀይ ሴሎች ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ነጮቹ ግን ከ4 እስከ 11 ሺህ ቢሆኑ ነው። የቀይ ሴል ገጽ ሲያሊክ አሲድ ስላለበት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ ኢንዛይሙ ደግሞ ፖዘቲቭ። ስለዚህ ይለጠፍበታል፤ ሴሉም ተሸክሞት ይዞራል። ኢንዛይሙ የደም ሥርን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድም ስለሚያጠፋ ጭነቱ ቀላል አይደለም።

ቀይ ሴል ግን ዝም ብሎ አይሸከምም። በውስጡ ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም አለው፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሽፋኑን አልፎ ሲገባ ወደ ውኃና ኦክስጅን ይለውጠዋል። ጠላቱን ጥሬ ዕቃ አሳጣው ማለት ነው። አሲዱ ከበዛ ግን ሽፋኑ ይጎዳል፣ ሴሉ ይደድራል። 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር የሚሰፋ ሴል ከእሱ በጠበቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚያልፈው በመተጣጠፍ ነውና፣ መደደሩ ጉዞውን ያውከዋል። ኒውክሊየስ ስለሌለው የተበላሸበትን ፕሮቲን በአዲስ አይተካም። ከፈነዳም የፈሰሰው ሄሞግሎቢን ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይድን ያጠፋል።



ታዲያ ኢንዛይሙን በመድኃኒት ማገድ ይቻል ይሆን? ተመራማሪዎችን ያደፋፈራቸው አንድ ነገር አለ። ይህ ኢንዛይም በዘር የሚጎድላቸው ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። የስኳር ሕመም ሲጨመርባቸው ግን አንዳንዶቹን ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በርትቶ ያጠቃቸዋል።